የሙስዐብ ፍሪጅ

ፍሪጁ እንደገና ጠፍቶ አገኘችው። ኮምፒውተሩም ተከትሎት ጠፍቷል። ዙቤይዳ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ ሌላውን የፍሪጁ ጎን ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመችና በሩን ከፈተችው። ውስጥ ያለችው የቅዝቃዜ ማዞሪያ፣ ጠዋት እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ የተወቻት፣ ዜሮ ላይ ተቀምጣለች።

መብራት አልጠፋም። የጎረቤታቸው የዓፊያ ቴሌቪዥን ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ነው የዋለው፤ የከሚሴ መብራት ደግሞ ሲሄድ ለሁሉም ይሄዳል እንጂ ሰው መርጦ አያኮርፍም። ታዲያ ማዞሪያዋን ማን ነካት? ቤት ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። እሷ እንደሆነች ጓዳ ጋደም ብላ ነበር፤ ሆዷ ከገፋ ወዲህ ከቀትር በኋላ መቆም አይሆንላትም።

«እማ፣ ይሄን ፍሪጅ ነክተሽዋል?»

እናቷ ቶይባ በረንዳው ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ቀና እንኳ አላለች። «እኔ የናንተን ብረት ምን አውቄ እነካለሁ? ቢስሚላህ ሳትሉ የምትከፍቱት ነገር ነው፤ የሆነ ነገር ገብቶበት ይሆናል። ተይው ልጄ።»

«ምን ይገባበታል?»

«የሚገባው ይገባል» አለች እናቷ፣ ሰፌዱን መታ መታ እያደረገች።

ነገሩን ከሥሩ መናገር ይሻላል፤ አለዚያ የደረሰች እርጉዝ ፍሪጅ ውስጥ አንገቷን ከትታ ምን ትሠራለች ያሰኛል። ፍሪጁን እንዲህ ያደረገው ታናሽ ወንድሟ ሙስዐብ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። ከሚሴ ቆላ ናት፤ በበጋ ሰው ራሱ ከጥላ ወደ ጥላ ሲሸሽ ይውላል፣ ኮምፒውተር ምን ያድርግ? ሙሽሪት ገና ከመኪና ሳትወርድ ማሽኑ ግሎ ድርግም ይላል። ሙሽሮች ደግሞ ሰርጋቸውን ለማየት ልጅ እስኪወልዱ አይታገሡም። ሙስዐብ ከተዘጋ ጁስ ቤት አንድ ያረጀ ፍሪጅ አምጥቶ ጎኑን በሳው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ዋናው የሚግለው ቦታ ላይ ጠፍጣፋ መዳብ ገጠመ፤ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ዘርግቶ ፍሪጁ ውስጥ ከተቀመጠ ጀሪካን ጋር አገናኘው። አንዲት ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ታዞረዋለች። ውሃው ከኮምፒውተሩ ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል፣ ፍሪጅ ገብቶ በርዶ ይመለሳል።

ሰፈሩ እየመጣ አየለት። ሙስዐብ ለኮምፒውተር ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣል ተብሎ ተወራ። እናቱ ብቻ «እኔ የሞቀ ውሃ እየጠጣሁ እሱ ብረት ያጠጣል» ብላ አኮረፈች። እሱም ስቆ ከጀሪካኑ በላይ ያለችውን መደርደሪያ ለእሷ ጠርሙስ ለቀቀላት። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

ከዚያ ጊዜው ከፋ፣ ሰርግም አነሰ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ በባቲ አድርገው ወደ አፋር ወረዱ፣ ከአፋር ወደ ባሕሩ። አንድ ቀን እሱም ወረደ። እናቱን አልተሰናበታትም፤ ብትይዘው እንደሚቀር ያውቃል። ከዒድ በኋላ ከባሕሩ በኩል ለዙቤይዳ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከ። «ዙቢ፣ እኔ ነኝ፣ ስሚኝማ» ይላል፤ ከዚያ ነፋስና የሞተር ጩኸት ይውጠዋል። ጩኸቱ ሥር ድምፁ እንዳለ ይታወቃል። ሲናገር፣ ሲያቆም፣ አንድ ቦታ ላይ የሳቀም ይመስላል። ቃሉ ግን አይያዝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም።

ዙቤይዳ ኮምቦልቻ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራለች። ድምፅን ከነፋስ የሚለይ ፕሮግራም አላት። ፕሮግራሙ ግን ከባድ ነው፤ ጩኸቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየደጋገመ አዳምጦ ነው ከሰው ድምፅ የሚለየው። ቆርጠው በትንሽ በትንሹ ቢሰጡት ይስታል፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። በሙስዐብ አሮጌ ማሽን ከማለዳ እስከ አስር ሰላት ድረስ ይፈጃል፣ ማሽኑም ሲሠራ እንደ ምጣድ ይግላል። ኢንተርኔት ቢኖር ለሌላ ሰው በተላከ፤ እሱም መልእክቱ ከመጣ ወዲህ ተቋርጧል። ቢኖርም አትልክም ነበር። የወንድሟን ድምፅ ከእሷ በፊት ባዳ እንዲሰማው አልፈለገችም።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። የት ነው ያለው? የማን ጀልባ፣ የትኛው ወደብ፣ ተይዞስ ከሆነ የት? ነግሯት ይሆናል። ነግሯት ሳለ እሷ ነፋስ ስታዳምጥ ወራት ማለፉ እንቅልፍ ይነሳታል። ለመጀመሪያ ልጅ ወደ እናት ቤት ይመጣልና መጣች፤ ባሏ ሪድዋን ሚኒባሱን ይዞ ባቲና ከሚሴ ይመላለሳል። መንታ ነገር ይዛ ነው የመጣችው፤ ልጁን ለመውለድና ያንን ድምፅ ለማውጣት።

ድምፁ ግን አልወጣ አለ። ማሽኑን ታስነሳለች፤ ከቀትር በኋላ ፍሪጁ ይጠፋል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ኮምፒውተሩ ይከተላል። ማዞሪያዋ ዜሮ ላይ ትገኛለች። ደግሞ የሚገርመው፣ ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ፍሪጁ ሌሊቱንም ቀኑንም ምንም ሳይሆን ይሠራል። ይህ ጂን ቪዲዮ ይወዳል እንዴ?

እንዲህ እያለች ለራሷ ትቀልዳለች፤ ቀልዱ ግን ከአንገት በላይ ነው። ቤቱ ደስ አይላትም። ዝናቡ የጨፋን ሜዳ አጥለቅልቆ አየሩ ከብዷል፤ ጠዋት ስትነሳ የሙስዐብ ክፍል ወለል ላይ ውሃ ታገኛለች። ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ደፉ ላይ ይቆማል። ልብሱ ርሶ የገባ ሰው ቆሞ ያንጠባጠበው ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ቀዝቃዛ ቱቦ በሞቃት አየር ያልበዋል፤ ወለሉም ወደ በሩ ዘቅዘቅ ይላል። ይህን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ቢሆንም ስትወለውለው ትፈራለች፤ ደግሞ መፍራቷ ያሳፍራታል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሁሉ ይስቅላታል። ዓፊያ በአጥር ብቅ ስትል ገና ሳትናገር ትስቃለች። ሪድዋን፣ ዝምተኛው ሪድዋን፣ ከመኪናው ሲወርድ የሹፌር ቀልድ ይዞ ነው የሚመጣው። ሽማግሌዎች ከእናቷ ጋር ተቀምጠው እሷ ብቅ ስትል ዝም ይላሉ፤ ቀጥሎ አንዱ ስለ በሬ ዋጋ የሚያስቅ ነገር ያነሳል። እናቷ ደግሞ ሙስዐብን «አላህ በሰላም ይመልሰው» ማለት ትታለች። ዱሮ ከየሰላቱ በኋላ አንድም ቀን አታስቀረውም ነበር። ዙቤይዳ ይህን ልብ አለችው፤ ሳይሰናበታት መሄዱን ገና ይቅር አላለችው ይሆናል ብላ ተወችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ማታ ማታ ከመግሪብ በፊት እናቷ ሳፋ ይዛ ትመጣለች። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ውስጡ ጨው። ያበጠውን እግሯን ተንበርክካ ታጥብላታለች። ትንንሾች ሳሉም እንዲሁ ነበር፤ ከሜዳ ሲመለሱ እሷንና ሙስዐብን አንድ ሳፋ ውስጥ እግራቸውን አስከትታ ታጥባቸው ነበር።

«ያን ማሽን ለምን አትተይውም?» ትላታለች እያጠበች። «ከተገላገልሽ በኋላ ይደርሳል።»

«ወንድሜ እኮ ነው እማ።»

እናቷ ማጠቧን ታቆማለች። ተረከዟን በመዳፏ ይዛ ትቆያለች።

ጂኑም ይሁን የፍሪጁ እርጅና፣ ዙቤይዳ በአንድ ነገር ቆረጠች። ማሽኑን ታሻሽለዋለች። ገበያው ጀርባ ፍሪጅ የሚጠግነው አብዶ ጋ በባጃጅ ሄደች። አብዶ የሙስዐብ ጓደኛ ነው፤ ፍሪጁን ሲበሱ የጋዙ መስመር የት እንደሚያልፍ ያሳየው እሱ ነው። ሲያያት እንደ ሌላው ሰው አልሳቀም። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፣ ጠርጎም አልጨርስ አለ።

«ጋዙ አልቆ ነው» አላት ገና ጨርሳ ሳትነግረው። «ከወለድሽ በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።»

«አብዶ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ የእማን ጠርሙስ በረዶ ያደርጋል?»

አብዶ ጨርቁን አጠፈው። «እሺ፣ ምንድን ነው የፈለግሽው?»

ነገረችው። ብዙ አስባበታለች። ፍሪጅ ቀስ ብሎ ነው የሚያበርደው፣ ኮምፒውተር ግን ቶሎ ነው የሚያሞቀው፤ ሁለቱ እሽቅድምድም ከገቡ ፍሪጁ ይሸነፋል። እንግዲህ መፍትሔው ቅዝቃዜውን እንደ እህል አስቀድሞ መክተት ነው። ትንሿ ጀሪካን ትውጣ፣ በምትኳ ፍሪጁን የሚሞላ በርሜል ይግባ። በርሜሉ ውስጥ የመዳብ ጥምዝ፣ ማለትም የተጠቀለለ ቱቦ፣ ይቀመጥ፤ የኮምፒውተሩ ንጹህ ውሃ በጥምዙ ውስጥ ብቻ ይዙር። በርሜሉ ቀንና ሌሊት ይብረድ። ማሽኑ ሲነሳ የሚበላው የተከተተውን ነው።

«ውሃው ይረጋብሻል» አለ አብዶ፤ ሥራው ሲነሳ ፊቱ ትንሽ ተፈታ። «በረዶ ሆኖ ጥምዙን ይሰነጥቀዋል።»

«ጨው አለ አይደል?»

አብዶ ቀና ብሎ አያት። ጨው የበዛበት ውሃ ከበረዶ በላይ ይበርዳል እንጂ አይረጋም፤ እሱ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «ሙስዐብም ይህንኑ ብሎኝ ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «ጨው እናስገባበት ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ሳይመለስ ቆየ። ሲመጣ የመዳቡን ጥምዝ ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። የብየዳ ጭስ ይሆናል አለች ዙቤይዳ በሆዷ።

ጨዉን ሪድዋን ከባቲ ገበያ አመጣላት፣ አፋሮቹ ከሚያወርዱት፣ ግራጫውንና ደረቁን። ምን ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። አብዶ መጥቶ ቅዝቃዜውን የሚሰጠውን የበረዶ ቤቱን ጠፍጣፋ ብረት በጥንቃቄ አወረደና በበርሜሉ ዙሪያ አጠፈው። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አብዶ ሲወጣ ሁለቱ በዓይን ተያዩ፤ እሱ አንገቱን ደፋ። «ቃሌን አላፈርስም እትዬ፣ ግን እንዴት እንቢ ልበላት» ሲል ዙቤይዳ ሰማችው። ስለ ሌላ ነገር መሰላት።

ቱቦውን እሷ ራሷ አለበሰችው። አሮጌ ፍራሽ ቀዳ ስፖንጁን በቀጭን በቀጭኑ ቆረጠች፣ ቱቦው ላይ ጠቀለለች፣ ከላይ በፌስታል አሰረችው። እንግዲህ አያልበውም። ፓምፗ አጠገብ ትንሽ መክፈቻ ገጠመች፤ ውሃው በጣም ከበረደ መዳቡም ማላብ ስለሚጀምር ቀስ ብሎ እንዲሄድ። ሥራው ደስ አላት። ሙስዐብ ቢያይልኝ አለች። ላቧን በእጇ ስትጠርግ ከንፈሯ ላይ ጨው ቀመሰች። የራሷ እጅ ጨው እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም ባሕሩ ቤት የገባ መሰላትና ወለሉን ዞራ አየች። ወለሉ ደረቅ ነበር።

በርሜሉ ሲበርድ አደረ። ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ እጇን ብትከትበት አጥንቷ ድረስ ተሰማት። ማሽኑን አስነሳች። ፓምፗ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ማያው ላይ የሙቀቱ ቁጥር ትንሽ ወጣ ብሎ ቆመ። ድሮ በዚህ ሰዓት ሽቅብ የሚጋልበው ቁጥር አሁን እንደታሰረ በሬ ባለበት ይዞራል።

ቀትር ሆነ። ወገቧ አላስቆም ስላላት ጓዳ መሄዱን ተወችና እዚያው የሙስዐብ ፍራሽ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም አለች። ከውጭ የዙሁር አዛን ተሰማ፤ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሳትተኛ ሳትነቃ ሳለች በሩ ተከፈተ።

ፀጉሯ ቆመ። የጫማ ኮቴ አይሰማም። የሆነ ሰው በባዶ እግሩ ወለሉን እየዳበሰ ነው የሚመጣው። ዙቤይዳ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። በመጋረጃው ጠርዝ አየች።

እናቷ ናት። ሰላቷን ጨርሳ መሆን አለበት፤ መስገጃ ሻሿን አላወለቀችም። ኮምፒውተሩን ዞር ብላ አላየችውም። ፍሪጁን ከፈተችው፣ ቅዝቃዜው እግሯ ላይ ሲወርድ ታየ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ድረስ ክንዷን በርሜሉ ውስጥ ከተተችው።

«ነጋን ገልቴ፣ ኢልመ ኮ?» አለች በኦሮምኛ። በሰላም ገባህ ወይ ልጄ፤ ከመንገድ የመጣ ሰው የሚባለውን።

ትንሽ ጠበቀች። መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ጠበቀች።

«በረደህ አይደል» አለች ደግሞ። «አውቃለሁ። አሁን ግን ዝም በልልኝ። እህትህ እስክትገላገል ብቻ ዝም በልልኝ። ያኔ አንተም ትናገራለህ፣ አብረንም እናለቅስሃለን።»

ክንዷን አወጣች፣ በሻሿ ጠረገችው። ማዞሪያዋን ይዛ ወደ ዜሮ መለሰቻት። የፍሪጁ ሞተር ተንቀጥቅጦ ቆመ። በሩን እንደተኛ ልጅ ክፍል በር ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወጣች።

ዙቤይዳ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። እርጉዝ መርዶ አትሰማም። ይህ በሀገሩ ሕግ ነው፤ አባቷ ቢሞት ባሏ ቢሞት፣ እስክትገላገል አገር ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ መዝጋት ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊቷ ይስቃል። ይህን እሷም ታውቃለች። እርጉዝ የነበረችው የጓደኛዋ የጀነት አባት በተቀበሩ ቀን፣ ከጀነት ጋር ሆና የአራስ ልብስ ስትመርጥላት ውላለች፣ እየሳቀች። ሰው እንዴት እንደሚስቅ ታውቃለች። ዓፊያ የሳቀችው ያንን ሳቅ ነው። ሪድዋን የቀለደው ያንን ቀልድ ነው። ሽማግሌዎቹ ለበሬ ዋጋ አልነበረም የመጡት። የአብዶን ዓይን ያቀላው ጭስ አልነበረም። ከዚያች ጀልባ የተረፈ አንድ የጨፋ ልጅ ተመልሶ ነግሯቸው ይሆናል፤ ማን እንደነገራቸው ምን ያደርጋል? ከሚሴ ያውቃል፣ ባቲ ያውቃል። ሳታውቅ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

እናቷም ልጇን ቀብራ፣ መቅበር ከተባለ፣ ማሽላ ስታበጥር ከርማለች። አልቅሳ አልወጣላትም። ጥቁር አልለበሰችም። የልጇን እህት እግር ስታጥብ ነበር። ዙቤይዳ አፏን በትራሱ ይዛ አለቀሰች፤ ለሙስዐብ ነው ለእናቷ ነው፣ መለየት አልቻለችም።

ቀና ስትል ፓምፗ አሁንም ታንጎራጉራለች።

ፍሪጁ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። ማያው ላይ ቁጥሩ ባለበት ነው። እናቷ ይህን ከየት ታውቃለች? ቶይባ የምታውቀው ማዞሪያዋ ከተመለሰች ማሽኑ እንደሚሞት ነው፤ በትንሿ ጀሪካን ጊዜ እውነት ነበር። አሁን በርሜሉ የተከተተ ቅዝቃዜ ይዟል፤ ማንም ቢያጠፋው እስከ አስር ይዘልቃል። ዙቤይዳ ራሷ ናት እንዲህ ያደረገችው። ሠርታ የማታውቀውን ያህል አሳምራ ሠርታዋለች።

አንድ ቁልፍ መንካት ይበቃት ነበር። ተነሳች፣ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። ካጠፋችው ምንም አልሰማችም ማለት ነው፤ እስክትወልድ ወንድም ይኖራታል። እናቷ ይህን ያህል የተሠቃየችው ለዚሁ አይደል? ግን «ዙቢ» ነው ያለው። ከሰው ሁሉ መርጦ ለእሷ ነው የላከው፤ የላከውን ሳትሰማው ሊቀር ነው? ጣቷን አነሳች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

የአስር አዛን ሲል አለቀ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች።

ነፋሱ የለም። ሞተሩ የለም። ጆሮዋ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወራት ያህል ነበር።

«ዙቢ፣ እኔ ነኝ፣ ስሚኝማ። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልንገርሽ። ጀልባዋ ውሃ ይዛለች። በጀሪካን እየቀዳን እንደፋለን፣ አልቻልነውም። እንዳትደነግጪ። እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ ገና እስከ ጉልበቴ ነው።» አቆመ። ከኋላው ሰዎች ይሰማሉ። «ዙቢ፣ ታውቂያለሽ፣ ውሃው ሞቃት ነው። እኔ ባሕር ቀዝቃዛ ይመስለኝ ነበር፣ ወላሂ። ሞቃት ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ልክ እማ እግራችንን የምታጥብበት።» እዚህ ላይ ነው የሳቀው። «ለእማ እንዳትነግሪያት። ሥራ ይዟል፣ ስልክ የለውም በያት። እሷ አትችለውም፣ አንቺ ትችያለሽ። ፍሪጁን ባዶ አድርገሽ ስጫት፤ ውሃዋን ታብርድበት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ለእሷ አልነበረም። ሸሃዳ፣ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ይላል። አብረውት ብዙ ሰዎች ይላሉ። ከዚያ መልእክቱ ያልቃል።

ዙቤይዳ ማዳመጫውን አወለቀች። ፋይሉን አልደመሰሰችውም፤ አብረው የሚያለቅሱበት ቀን ይመጣል። ኮምፒውተሩን አጠፋችው። ፍሪጁን ከፈተችና ማዞሪያዋን አየቻት፤ እናቷ እንደተወቻት ዜሮ ላይ ናት። አልነካቻትም። ፊቷን በበርሜሉ ውሃ አበሰች፣ በቀሚሷ ጠረገችና በረንዳው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ከመግሪብ በፊት እናቷ ሳፋውን ይዛ መጣች። ተንበረከከች። የዙቤይዳን ጫማ እያወለቀች፣ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ማሽንሽ ምን አለ?»

«ጠፋ እማ። እንደ ወትሮው ጠፋብኝ።»

እናቷ ለረጅም ጊዜ ይዛው የነበረ ትንፋሽ ለቀቀች። «አብሽሪ» አለቻት። «ተገላገይ ብቻ። ያኔ ይሠራል። እሱም ያኔ ይደውል ይሆናል።»

«ይደውላል» አለች ዙቤይዳ። «ሥራ ይዞ ነው የሚሆነው፤ ስልክ አጥቶ።»

የእናቷ እጅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ እግሯን አንስታ ሳፋው ውስጥ አስገባችው። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ፣ ወደ ላይም ወጣ። ዙቤይዳ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ ግን አልታዘዛትም፣ ሳፋው ውስጥ ወረደ።

«አቃጠለሽ እንዴ?» አለች እናቷ ደንግጣ።

«አይ እማ» አለቻት። «ሞቃት ነው። ደህና ነው።»

እናቷ አየቻት። ብዙ አየቻት። ጎንበስ ብላ እግሯን ማጠቧን ቀጠለች።